ቤት ለመግዛት ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከእቁቡ ጀምራችሁ ቁጠሩ

ጥያቄ፦

ሰላም አዘጋጆች፣ አምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እኔ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነኝ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ ሁለት ልጆች አሉን። የምንከራየው ባለ ሁለት መኝታ 2,400 ዶላር ገብቷል፣ ሊዛችን ኦገስት 31 ያልቃል፣ እንግዲህ ትምህርት ሲጀመር የራሳችን ቤት ውስጥ ብንሆን ደስ ይለን ነበር። ግን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የጠየቅነው ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ነው የሚለን፣ የስራ ባልደረባዬ በ30 ቀን ቁልፍ ተረከብኩ ትላለች፣ የባለቤቴ ጓደኛ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን እንዳትሞክሩት ይላል። ለዳውን ፔይመንት፣ ለቅድመ ክፍያው ማለት ነው፣ ያሰብነው ሜይ ላይ የሚደርሰንን እቁብ ነው፣ 20 ሰው ነን በወር 1,500 ነው የምንጥለው፣ 30,000 ማለት ነው። አሁን ማርች ነው፣ እንደርሳለን ወይ? ሊዙንስ እናድስ ወይስ እንተው፣ አከራያችን ከመልቀቃችሁ 60 ቀን በፊት አሳውቁኝ ይላል። እቅጩን ንገሩን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ሁለቱም አልዋሹሽም። ባልደረባሽ የቆጠረችው ሻጩ ኦፈሯን፣ በዚህ ዋጋ ልግዛው ያለችውን፣ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው፣ የባልሽ ጓደኛ ደግሞ «እኛስ ለምን አንገዛም» ብለው እራት ላይ ካወሩባት ማታ ጀምሮ ነው የቆጠረው። በሞርጌጅ የሚገዛ ሰው ኦፈሩ ከተያዘለት በኋላ ባብዛኛው ከ30 እስከ 45 ቀን ውስጥ ክሎዝ ያደርጋል፣ ማለትም ፈርሞ ቁልፍ ይረከባል፣ እሱ እውነት ነው። ከዛ በፊት ግን ፍለጋው አለ፣ አንዱ በሁለተኛው ቅዳሜ ያገኛል ሌላው አራት ወር ሙሉ የሰው ቤት ቁም ሳጥን ሲከፍት ይከርማል። ከፍለጋውም በፊት ደግሞ ሰው የማይቆጥረው ጊዜ አለ፣ ብራችሁ ወረቀት የሚያገኝበት ጊዜ። እኔ እዚህ ስራ ላይ ስኖር ያየሁት የኛ ሰው የሚታሰረው ቤቱ ላይ ሳይሆን እዛ ጋ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ሜይ ላይ እቁቡ ደረሳችሁ፣ 30,000 ወደ ባንክ ገባ እንበል። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃችኋል፣ ሁሉንም ገጽ፣ ምንም ያልተጻፈበትን የመጨረሻውን ገጽ ሳይቀር። እሱን ቁጭ ብሎ የሚመረምረው አንደርራይተር የሚባለው ሰው ነው፣ ስልኩን አታውቂውም ፊቱን አታይውም ግን «ይበደሩ» ወይ «አይበደሩ» የሚለው እሱ ነው። ያ ሰው ስቴትመንቱን ከላይ ወደ ታች ሲያይ ከወር ገቢያችሁ ግማሽ የሚበልጥ አንድ ዲፖዚት ካገኘ እዛው ይቆማል፣ ከየት መጣ ይላል። ብድራችሁን የያዘው የአበዳሪው ሰራተኛ፣ ሎን ኦፊሰሩ፣ ይደውልልሻል፣ አንቺ «እቁብ ነው» ትያለሽ፣ እሱ «ምን?» ይላል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ሳምንት አትጠይቂኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ አለ። እቁብ በነሱም ደንብ ላይ አለ። ስሙ እቁብ አልተባለም እንጂ ለቤት ብድር ዋስ የሚሆነው የመንግስት መስሪያ ቤት ኤፍ ኤች ኤ የግል የቁጠባ ክለብ ብሎ ያውቀዋል፣ ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዛው ፋኒ ሜይም በጋራ የተጠራቀመ ቁጠባ ብሎ ለዳውን ፔይመንት ይቀበለዋል። የሚፈልጉት ማስረጃ ነው። እቁብ ሰብሳቢያችሁ ወይ ጸሐፊው ፈርሞ «እነ እገሌ ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ ይህን ያህል ሲጥሉ ነበር፣ በዚህ ቀን 30,000 ተቀብለዋል፣ እቁቡ ዛሬም አለ» የሚል ደብዳቤ፣ ስም ዝርዝሩና የከፈለው ያልከፈለው የተጻፈበት ደብተር፣ የናንተ ደግሞ በየወሩ የከፈላችሁበት መረጃ። በዜል የምትጥሉ ከሆነ ተገላግላችኋል ስቴትመንታችሁ ላይ ተራ በተራ ቁጭ ብሏል። በካሽ እሁድ እሁድ ከቡና በኋላ ነው የምንጥለው ካልሽኝ ግን ከዛሬ ጀምራችሁ ወደ ዜል ቀይሩት፣ ለሰብሳቢውም አሁኑኑ ንገሩት፣ ሜይ ላይ «ምን ደብዳቤ? የኔን ስም መንግስት ጋ ልታስገቡት ነው?» ብሎ እንዳይደነግጥባችሁ። ይደነግጣሉ፣ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጣጣ ደግሞ ይሄ ነው፣ ደብዳቤሽ ላይ ስንት ዙር እንደቀረ አልነገርሽኝም። ሜይ ላይ ተቀብላችሁ ገና ለ8 ወር የምትጥሉ ከሆነ አበዳሪው ያንን 1,500 የወር ዕዳ ነው ብሎ ነው የሚይዘው፣ ልክ እንደ መኪና ክፍያ። ሲታሰብም እውነቱን ነው፣ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚወስደው ነው ያጠራቀመው። 1,500 ዶላር በወር ዕዳ ላይ ሲደመርባችሁ ደግሞ የሚፈቀድላችሁ ብድር ዝቅ ብሎ ዝቅ ብሎ የምታስቡት ቤት ጋ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ እቁቡ ገና ብዙ ዙር ከቀረው ከመጨረሻዎቹ ጋ ተራ መለዋወጥ ይሻላችኋል፣ ሰርግ ያለበት ቀድሞ የሚፈልግ ሰው መቼም አይጠፋም፣ ሊያልቅ ከሆነ ግን ምንም ችግር የለም። «ወረቀት ላይ አይታይም፣ አንናገርም» የሚል ወዳጅ ካላችሁ አትስሙት፣ ማመልከቻው ላይ ያለብንን ዕዳ ሁሉ ተናግረናል ብላችሁ ነው የምትፈርሙት።

ደብዳቤውን አልፈልግም ብሩን አስገብቼ አስተኝቼው እጠብቃለሁ የሚልም አለ፣ ይሄም ይሰራል፣ ብሩ ከገባ በኋላ ሁለት ንጹህ ስቴትመንት ካለፈ በኋላ ዲፖዚቱ ከሚያዩት ገጽ ይወጣል። ግን ቀኑን ቁጠሪው። ሜይ አጋማሽ ላይ ከገባ ንጹሆቹ የጁንና የጁላይ ናቸው፣ ማመልከቻው ኦገስት መጀመሪያ ላይ ነው ማለት ነው፣ ክሎዚንጉ ሴፕቴምበር ይገባል። ኦገስት 31 አልደረሳችሁም። ለዚህ ነው ከእቁቡ ጀምራችሁ ቁጠሩ የምለው።

በዚሁ አንድ ነገር፣ እቁቡ በካሽ ከተሰጣችሁ ሙሉውን በአንድ ቀን አስገቡት። ከ10,000 በላይ ካሽ ሲገባ ባንኩ ለመንግስት ሪፖርት ያደርጋል፣ ታዲያ ምን አለበት፣ የራሳችሁ ብር ነው። ያንን ሪፖርት ለመሸሽ ብሎ 9,000፣ 9,000 እየቆራረጡ ማስገባት ግን በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ብሩ ንጹህ ቢሆንም እንኳን። አንደርራይተሩም ሶስት የተቆራረጠ ዲፖዚት ሲያይ ከአንዱ ትልቅ ይልቅ ነው የሚጠረጥረው።

አሁን ወደ ባልሽ። ያንቺ ቀላል ነው፣ ዳብልዩ ቱ የሚባለው የዓመት ደሞዝ ወረቀት እና የወር ደሞዝ ቁራጭ። ኡበር የሚነዳ ሰው ግን ለባንኩ ነጋዴ ነው፣ የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርን ይፈልጋሉ፣ የሚያዩትም ከኡበር የገባለትን ሳይሆን ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ነው። እዚህ ጋ ነው የብዙ ባልና ሚስት ፀብ የሚጀመረው። በ2025 የማይል ተቀናሹ 70 ሳንቲም ነበር፣ 40,000 ማይል የነዳ ሰው 28,000 ዶላር ከገቢው ቀነሰ ማለት ነው፣ ታክስ ሲከፈል ደስ ይላል፣ ቤት ሲገዛ ግን «60 ሺህ ሰርቼ እንዴት 30 ሺህ ትለኛለህ» ይመጣል። ጥሩ ሎን ኦፊሰር ከሆነ ከማይሉ ውስጥ የመኪና እርጅና የሚባለውን ክፍል መልሶ ይደምርለታል፣ ይሄን የማያውቅ ሎን ኦፊሰር ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ባልሽ ኡበር ከጀመረ ገና ሁለት ዓመት ካልሞላው ወይ ታክሱ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ብድሩን አንቺ ብቻሽን መጠየቅ ትችያለሽ፣ የቤቱ ባለቤትነት ወረቀት ላይ ግን ሁለታችሁም መግባት ትችላላችሁ፣ ብድርና ባለቤትነት ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ይሄንን ለአባወራው ቀስ ብለሽ ንገሪው።

ስለዚህ ከአሁኑ ማርች ላይ ምን ታደርጋላችሁ፣ ሎን ኦፊሰር ጋ ሂዱ። ቤት ሳታዩ። ሁለት ሶስት ሎን ኦፊሰር አነጋግሩ፣ ወረቀታችሁ የተሟላ ከሆነ ፕሪ አፕሩቫል፣ ይህን ያህል ልናበድራቸው እንችላለን የሚለው ደብዳቤ፣ በሶስት ቀን ውስጥ ይወጣል፣ አንዳንዴ በዛው ቀን፣ የሚቆየው ደግሞ ባብዛኛው ከ60 እስከ 90 ቀን ነው፣ ሲያልቅ ይታደሳል። ክሬዲታችሁ ላይ ስህተት ካለ ወይ ክሬዲት ካርዱ ጫፍ ላይ ደርሶ ከሆነ አሁን ነው የሚስተካከለው፣ ይሄ ራሱ ወር ሁለት ወር ይበላል። ለግምት ያህል፣ በኤፍ ኤች ኤ ክሬዲት ስኮራችሁ 580 እና ከዛ በላይ ከሆነ ዳውን ፔይመንቱ 3.5 ፐርሰንት ነው፣ በ420,000 ዶላር ታውንሃውስ ላይ 14,700 መሆኑ ነው። ክሎዚንግ ኮስቱ፣ ለብድሩና ለወረቀቱ የሚወጣው ወጪ፣ ደግሞ ከቤቱ ዋጋ ከ2 እስከ 5 ፐርሰንት ይሄዳል፣ 3 ብንለው 12,600። ሲደመር 27,300። እቁባችሁ ይበቃል ግን ለዕቃ ማጓጓዣና ለቀለም የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ከሜይ በፊት ሌላ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ። ወንድም ወይ እህት ልርዳችሁ ካለ ይቻላል፣ ስጦታ መሆኑንና እንደማይመለስ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈርማል፣ ብሩም ከሱ አካውንት ሲወጣ መታየት አለበት።

ፍለጋው ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ እሱ የዓይንና የዕድል ነው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ኤጀንት ቤት ከማሳየቱ በፊት የጽሁፍ ውል ያስፈርማችኋል፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና ለስንት ወር እንደሚያስራችሁ እዛ ላይ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠር ላለ ጊዜ ፈርሙ። ዘመድ ነው ብላችሁ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ፣ ዘመድ ሲሆን ነው መለያየቱ የሚከብደው።

ኦፈሩ ሲያዝላችሁ ነው እንግዲህ የባልደረባሽ 30 ቀን የሚጀምረው፣ ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ላይ ይሮጣል። ኢንስፔክሽን የሚባለው የቤቱ ምርመራ ለባለሙያው ሁለት ሶስት ሰዓት ነው የሚፈጅበት፣ ከሻጩ ጋ ጥገናው ላይ መከራከሩ ግን ሳምንት ይወስዳል። አብራችሁ ሂዱ፣ ቤዝመንት ውረጂ፣ ግድግዳው ስር ነጭ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ ወይ እርጥበት እርጥበት የሚል ሽታ ከሸተተሽ ውሃ ገብቶ ያውቃል ማለት ነው፣ ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አይታችሁ ዓመተ ምህረቱን ጻፉ። እናንተ ያላችሁበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ኮንዶ ያልሆነ ቤት ሲሸጥ የሬዶን ምርመራ በህግ ግዴታ ነው፣ ሬዶን ከመሬት የሚወጣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋል፣ መሳሪያው ቢያንስ 48 ሰዓት ቤዝመንት ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ። ኮንዶ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ በሜሪላንድ የማህበሩ ወረቀቶች ከደረሷችሁ በኋላ 7 ቀን አላችሁ፣ አንብባችሁ ካልጣማችሁ መተው ትችላላችሁ። አንብቡት፣ በተለይ ማህበሩ ስንት ብር በመጠባበቂያ እንዳለው። ጣራ ሊቀየር ሲል ለያንዳንዱ ቤት 15 ሺህ ዶላር የተላከበት ህንጻ አውቃለሁ።

አፕሬይዛሉን፣ የቤቱን የዋጋ ግምት፣ የሚያዘው አበዳሪው ነው፣ ሳምንት ወይ ሁለት። ግምቱ ከተስማማችሁበት ዋጋ ዝቅ ብሎ ከመጣ ወይ ሻጩ ይቀንሳል ወይ እናንተ ልዩነቱን ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ ወይ ይፈርሳል፣ ይሄ ድርድር ሌላ ሳምንት ነው። በጎን ታይትል ካምፓኒው ቤቱ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ወይ የሞተ ሰው ስም እንዳለ ይፈትሻል። አንደርራይተሩ ደግሞ በሁኔታ ላይ የተመሰረተ ፈቃድ ይሰጥና ወረቀት ይጠይቃል፣ ሰጥታችሁ ስትጨርሱ ሌላ ይጠይቃል። «ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት ልኬልሃለሁ» ትያለሽ። ላኪው ድጋሚ። ከስራ ፈረቃሽ ወጥተሽ ማታ ልላከው ካልሽ አንድ ቀን ጠፋ፣ እሱም በማግስቱ ነው የሚያየው። እኔ ካየሁት 30 ቀን እና 45 ቀንን የሚለየው ይሄ ነው፣ ወረቀት ሲጠየቅ በዛው ሰዓት የሚልክ ሰው እና «ነገ» የሚል ሰው።

እና እባካችሁ፣ ምንም ነገር በብድር አትግዙ። በ2017 የመጀመሪያ ቤታችንን ስንገዛ እኔ ራሴ ሁሉን አውቃለሁ የምል ሰውዬ የሰራሁትን ልንገራችሁ። አሌክሳንድሪያ ነበር የምንከራየው፣ ቤቱ ሜሪላንድ ነው፣ ሁሉም አልቆ ክሎዚንግ አራት ቀን ሲቀረው ባለቤቴ እናቷ ከጎንደር ስለሚመጡ «በባዶ ሳሎን አላስገባቸውም» አለች፣ እኔም እሺ ብዬ አንድ የዕቃ ቤት ሄደን ለ18 ወር ያለወለድ ተብሎ የ3,800 ዶላር ሶፋ ፈረምን። አበዳሪው ከክሎዚንግ በፊት ክሬዲት ደግሞ እንደሚያይ እያወቅኩ፣ ያውም ለሰው እየነገርኩ፣ ሶፋ መሆኑ አታለለኝ መሰለኝ። በማግስቱ ተደወለ። አዲሱ ዕዳ ተሰልቶ ፋይሉ ለአንደርራይተሩ ተመልሶ እስኪመጣ 9 ቀን ሄደ፣ የወለድ መያዣችን፣ የብድሩ ወለድ እንዳይቀየር ያስያዝነው፣ ቀኑ ስላለፈበት ለማራዘሚያ ከፈልን። ሶፋው ግን በቀኑ መጣ! ቁልፍ የለንም፣ የጭነት መኪናው አዲሱ ቤት በር ላይ ቆሟል፣ ሻጮቹ ገና ውስጥ ናቸው በመስኮት ያዩናል። ሶፋው ጓደኛዬ ቤት ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሳምንት ከረመ፣ አንድ እግሩ ዛሬም ይወላገዳል። እናቲቱ ሲመጡ መጀመሪያ የተቀመጡት እዛ ላይ ነው፣ «ደህና ወንበር ነው» አሉ።

መጨረሻ ላይ ክሎዚንግ ዲስክሎዠር የሚባል ባለ 5 ገጽ ወረቀት ይደርሳችኋል፣ ከመፈረማችሁ 3 የስራ ቀን በፊት መድረስ አለበት፣ ህግ ነው፣ ያቺን ሶስት ቀን አበዳሪው እንዲሁ ሊያሳጥራት አይችልም። ያኔ ቁጥሩን መጀመሪያ ከሰጧችሁ ግምት ጋ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ብር በዋየር ስትልኩ ደግሞ የአካውንት ቁጥሩ በኢሜይል ከመጣ አትመኑት፣ በተለይ «አካውንታችን ተቀይሯል» የሚል ከሆነ፣ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ታይትል ካምፓኒው ጋ ደውላችሁ ቁጥር በቁጥር አንብባችሁ አረጋግጡ። የተላከ ዋየር ተመልሶ አይመጣም ማለት ይቻላል። ፊርማው ራሱ አንድ ሰዓት ነው፣ እጅ ያማል እንጂ ሌላ የለውም።

እንግዲህ ወደ ሊዙ። የእቁቡ ደብዳቤ ከተዘጋጀና ዙሩ ሊያልቅ ከሆነ ሜይ ላይ ፍለጋ ጀምራችሁ ጁላይ መጀመሪያ ኦፈር ቢያዝላችሁ ኦገስት አጋማሽ ላይ ትገባላችሁ፣ ይሆናል። ግን የ60 ቀኑ ማስታወቂያ የሚሰጠው ጁላይ 1 አካባቢ ነው፣ ያኔ እጃችሁ ላይ ምናልባት ኦፈር ብቻ ነው ያለው፣ ወይ እሱም የለም። እኔ ብሆን በኦፈር ብቻ ቤት አልለቅም። አሁኑኑ አከራዩን ከኦገስት በኋላ ወር በወር መሆን ይቻል እንደሆነ ጠይቂው፣ ትንሽ ይጨምርባችኋል፣ ለአንድ ዓመት አድሳችሁ ሊዝ ሰብራችሁ ከምትወጡ ግን ይረክሳል። ለሁለት ቤት ልንከፍል ነው ብለሽም አትጨነቂ፣ ኦገስት 14 ክሎዝ ብታደርጉ የኦገስት ቀሪ ቀናት ወለድ ክሎዚንጉ ላይ ይያዛል፣ የመጀመሪያው የሞርጌጅ ክፍያ ኦክቶበር 1 ነው፣ ሴፕቴምበር ላይ የሞርጌጅ ክፍያ የለባችሁም። በዛ ወር ኪራይ እየከፈላችሁ ቀስ ብላችሁ ቀለም ቀብታችሁ ትገባላችሁ።

ጥያቄ፦

እኛ ማናሳስ አካባቢ ከመሰረቱ የሚሰራ አዲስ ታውንሃውስ ልንዋዋል ነው። ሴልስ ኦፊስ ያለችው ሴትዮ በ7 ወር ትረከባላችሁ ብላናለች። ይታመናል?

መልስ፦

ውሉን አንብቡት፣ 7 ወር የሚለው ውሉ ላይ አታገኙትም። ምን እንደሚል ልንገራችሁ፣ በግምት ነው፣ በአየር ሁኔታ በፈቃድ በዕቃ እጥረት ሊራዘም ይችላል፣ እናንተ ግን ዝግጁ ነው በተባላችሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ክሎዝ ማድረግ አለባችሁ። ከ6 ወር እስከ ዓመት ብላችሁ ያዙ። እስከዛ ስራ አትቀይሩ፣ መኪና አትቀይሩ፣ ፕሪ አፕሩቫሉ ደግሞ ደጋግሞ መታደሱ አይቀርም። ወለዱን አሁን መያዝ ትርጉም የለውም፣ የተለመደው መያዣ 30፣ 45፣ 60 ቀን ነው፣ የረጅም ጊዜ መያዣ ቢኖርም ዋጋ አለው ጠይቁ። የራሳችሁን ኤጀንት የምትፈልጉ ከሆነ የመጀመሪያ ቀን ስትሄዱ ነው አብሯችሁ መሄድ ያለበት፣ ብቻችሁን ገብታችሁ ስማችሁን ከጻፋችሁ በኋላ ብዙዎቹ አይቀበሉትም። እና አዲስ ነው ብላችሁ ኢንስፔክሽን አትዝለሉ፣ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት የራሳችሁን ሰው አስገቡ፣ በኋላ ሽቦውም ቧንቧውም አይታይም። ሴትዮዋ የምትሰራው ለቢልደሩ ነው፣ ቡናዋ ጥሩ ቢሆንም።

ጥያቄ፦

ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው፣ የስራ ፈቃድ አለኝ፣ ሶስት ዓመት ሰርቻለሁ ታክስም ከፍያለሁ። ግሪን ካርድ እስኪመጣ መጠበቅ አለብኝ? ጓደኛዬ በ2023 በስራ ፈቃድ በኤፍ ኤች ኤ ገዝቷል።

መልስ፦

ጓደኛህ በገዛበት ጊዜ ይቻል ነበር። ከሜይ 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን ኤፍ ኤች ኤ ቋሚ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ብድር አይሸፍንም፣ ስለዚህ በ3.5 ፐርሰንት ያለው በር ላንተ ለጊዜው ተዘግቷል። ኮንቬንሽናል የሚባለው የመንግስት ዋስትና የሌለው ብድር ግን በህጋዊ መንገድ እዚህ ያለን ሰው ግሪን ካርድ ባይኖረውም ይቀበላል፣ ከአበዳሪ አበዳሪ ይለያያል፣ አንዱ የስራ ፈቃዱ ቢያንስ ዓመት የቀረው መሆን አለበት ይላል ሌላው ከዚህ በፊት ታድሶ ከሆነ ይበቃኛል ይላል። ስለዚህ ስትደውል መጀመሪያ «ሬቱ ስንት ነው» አትበል፣ የስራ ፈቃድህን ምድብ አንብብለትና «በዚህ ታበድራላችሁ ወይ» በለው፣ ካርዱ ላይ ሲ08 ነው የሚለው። አንሰራም ካሉህ በሁለት ደቂቃ ታውቀዋለህ ወደሚቀጥለው ትደውላለህ። ፈቃድህ ሊያልቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የማደሻውን ማመልከቻ አስገባ፣ ኦፈር ከያዝክ በኋላ ካርዱ ካለቀ ፋይሉ እዛው ይቆማል ሻጩ ደግሞ አይጠብቅህም።